«ልጆቹን ፈሪ አደረግሻቸው» ይለኛል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 8፣ የመጨረሻዋ 5። ባለቤቴ ድንኳን ይዞ ወጣ ብሎ ማደር ነፍሱ ነው። ልጆቹም ይወዱታል። እውነቱን ለመናገር እኔም እወደዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ድንኳን ከተከልንበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ አንድ ድንጋያማ ሸለቆ ነበር። ግራና ቀኙ ቋጥኝ ነው፣ መሐሉ ላይ ውሃ ይወርዳል። ባለቤቴ ሁለቱን ትልልቆቹን ይዞ ገባ። እኔ ከትንሿ ጋር ድንኳኑ ጋ ቀረሁ። «ቶሎ እንመለሳለን» ያሉት ሰዎች ሊመሽ ሲል መጡ። እስከዚያ የነበርኩበትን ባልነግርዎት ይሻላል። ስልክ አይሠራም፣ ትንሿን ይዤ ልፈልጋቸው መግባትም አልችልም። ሲመጡ የትልቋ ጉልበት ተልጧል፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። የሆነውን ቀስ በቀስ ነው የሰማሁት። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ መውረድ አቃታት። እዚያው ደርቃ ቀረች። አባቷ ከታች ሆኖ «ታናሽሽ እንኳን ወርዷል፣ አንቺ ምን ሆነሻል?» እያለ ይስቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ከወንድሙና ከወንድሙ ሚስት ጋር ሆነን እዚያው ቦታ እንድንሄድ አቅዷል። ወንዱ ልጄ ከአሁኑ ቦርሳውን አዘጋጅቷል። ትልቋ ግን አንድ ማታ አልጋዬ ድረስ መጥታ «እማዬ፣ እኔ እዚያ ሸለቆ መግባት አልፈልግም፣ ለአባዬ ግን እንዳትነግሪው» አለችኝ። የእሷን ስም ሳላነሳ «ዘንድሮ ሸለቆው ይቅር» አልኩት። ተቆጣ። «ልጆቹን ፈሪ ያደረግሻቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞው ሳናነሳ እንውላለን።

ልከልክል? ልጄ ያለችኝን ልንገረው? ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ? ትንሿ ደግሞ «አድጌያለሁ፣ ዘንድሮ እኔም እገባለሁ» ብላ አስቸግራኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ሸለቆው ነው። እኔ ግን ስጨርሰው ጆሮዬ ላይ የቀረው ሳቁ ነው። አንቺም ላይ የቀረው እሱ ይመስለኛል። ሸለቆው ይቅር ስትይው ግማሹ ስለ ቋጥኙ ነው፣ ግማሹ ግን «ልጄ ስታለቅስ ለምን ሳቅክባት?» ነው። እሱ ይህን ሁለተኛውን አልሰማም። አልተነገረውማ። የሰማው የሚወደውን ነገር ልትወስጂበት እንደሆነ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለሸለቆው ተከራከረ። እንግዲህ ሁለቱን ነገር እንለያቸው፤ ተደባልቀው ከቀሩ የትኛውም አይፈታም።

ከልጅሽ ልጀምር።

ድንጋይ ላይ ወጥቶ መውረድ ማቃት ፈሪነት አይደለም። ስትወጪ የምትይዥው ድንጋይ ዓይንሽ ፊት ነው፣ እጅሽ ይቀድማል፣ እግርሽ ይከተላል። ስትወርጂ ግን እግር ነው የሚቀድመው፣ ዓይን ደግሞ እግር የሚያርፍበትን አያይም። አዋቂ ሰውም እንዲህ ደርቆ ይቀራል። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፣ በእርግጥም ንገሪያት፤ ምክንያቱም እሷ እስካሁን የምታስበው ወንድሟ ጎበዝ እሷ ሰነፍ እንደሆነች ነው። ወንድሟ ምናልባት ቀላል ስለሆነ፣ ምናልባት ሌላ መንገድ ስላገኘ፣ ምናልባት አደጋው ስላልታየው ነው የወረደው። አደጋ የታየው ልጅ ደግሞ ችግር ያለበት ልጅ አይደለም።

እንደዚያ ለደረቀ ልጅ የሚጠቅመው ከታች የሚጣራ ሰው አይደለም፣ አጠገቡ የሚመጣ ሰው ነው። ፊቷን ወደ ድንጋዩ ታዞራለች። አንድ አዋቂ ከእሷ ዝቅ ብሎ ቆሞ እግሯን በእጁ ይዞ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያስቀምጥላታል። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋዩን ይዘው፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉ የሚቀድመው ደንብ ግን «መውረድ የማትችሉበት ላይ አትወጡም» የሚለው ነው። ልጆች እንዲሞክሩት ከተፈለገ ከመሬት ብዙ ከፍ ከማይል ድንጋይ ላይ ወጥተው ወርደው ያሳዩ።

አሁን ምስጢሩ። አትንገሪው። ግን ብቻሽንም ተሸክመሽው አትሂጂ። አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ፈልጊና ልጅሽን ጠይቂያት፦ የማትፈልጊው ምኑን ነው? ድንጋዩን ነው? ውሃውን? ወይስ አባዬ እንዳይስቅብሽ ነው? መልሱ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። ድንጋዩን ከሆነ ሌላ አጭር መንገድ ይፈለጋል። ሳቁን ከሆነ ሸለቆውን መሰረዝ ምንም አይፈታም፣ እቤትም ቢሆን ሌላ ድንጋይ አይጠፋም። «ራስሽ ብትነግሪው እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ፤ እኔ እንድነግርልሽ ከፈለግሽ ደግሞ ምን እንደምለው አብረን እንወስን» በያት። «አሁን አይሆንም» ካለችም አክብሪላት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከባለቤትሽ ጋር ስትከራከሩ አፍሽ ላይ ሊመጣ የሚችል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ልጅህ ራሷ አልፈልግም ብላኛለች!» ዋጪው። ክርክሩን በዚያ ታሸንፊ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ልጅሽ ማታ አልጋሽ ድረስ አትመጣም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ቅር እንዳይልሽ እንጂ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አንቺ ጎን ልቆም አልችልም። ልጆቹን ድንጋይ ሊያወጣ፣ ውሃ ሊያሻግር መፈለጉ መጥፎ ነገር አይደለም። ኤለን ሳንድሴተር የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች በተፈጥሯቸው የሚፈልጉትን አደጋ ቀመስ ጨዋታ በስድስት ከፍለውት ነበር፦ ከፍታ ላይ መውጣት፣ ፍጥነት፣ አደገኛ መሣሪያ መያዝ፣ እንደ ውሃና እሳት ያለ አደገኛ ነገር አጠገብ መጫወት፣ መታገል፣ ከአዋቂ ዓይን ራቅ ማለት። አንድ ሸለቆ ውስጥ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን ታገኛለሽ፤ ልጅ ሸለቆ ሲያይ ዓይኑ የሚበራው ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ልጆች ፍርሃታቸውን መለካት ይማራሉ። እኔ እንደሚገባኝ ግን ጥቅሙ የሚመጣው ልጁ ራሱ «እስከዚህ ድረስ» ብሎ ሲመርጥ ነው። ልጅሽ ድንጋዩ ላይ በነበረችበት ሰዓት ምርጫ አልነበራትም። ባለቤትሽ ያልታየው ይህ ይመስለኛል።

እንዴት ልንገረው ካልሽኝ፣ ዕቃ እያሰናዳችሁ ወይም ልጆቹ ጆሮ ሥር አይሁን። «አንተ» ብለሽም አትጀምሪ። «ያን ቀን ስትዘገዩ ሞታችሁ ነው ብዬ አስቤ ነበር» ብለሽ ጀምሪ፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ እሱም ምናልባት እስካሁን አያውቀውም። ከዚያ ጠይቂው፦ «ያኔ ድንጋዩ ላይ ደርቃ ስትቀር አንተ ምን ተሰማህ?» ጠይቂና ዝም በይ። የምር ዝም በይ። ሰው ሲደነግጥም ይስቃል። ልጁን ከዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚያወርዳት ግራ ገብቶት፣ አካባቢው ላይ ሌላ አዋቂ ሳይኖር፣ ሳቁ ድንጋጤውን መደበቂያ ሆኖት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ከእሱ አፍ ካልሰማሽ አታውቂውም።

ነገሩ ከገባው ደግሞ ልጅቷ ከእሱ የምትፈልገው ረጅም ንግግር አይደለም። «ባለፈው መሳቄ ልክ አልነበረም» ይበላት፣ በቃ። ግን እቤት፣ ከጉዞው በፊት ይሁን። ሸለቆው አፍ ላይ ቆሞ ቢላት ይቅርታው «በይ ግቢ» የሚል ጉቦ ይመስልባታል። ለአጎቷም ሹክ በሉት፤ አባት ትቶት አጎት «ፈሪዋ መጣች» ካለ ልፋታችሁ ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸለቆው። እዚህ ላይ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ቦታ አለው፣ ግን ትንሽ ማስተካከል ያስፈልገዋል። አብዛኛው ወላጅ የሚፈራው መውደቅን ነው። መፍራትም ይገባል። ሰው ዘንግቶት የሚቀረው ግን ውሃውን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 አሜሪካ አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን በተባለ ጠባብ ሸለቆ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ውሃ ሞተዋል። ውሃውን ያመጣው ዝናብ የጣለው እነሱ አናት ላይ አልነበረም። ርቆ፣ ከላይ በኩል ነው። ሸለቆ እንደዚህ ነው፤ ከላይ ያለውን ሰፊ መሬት ውሃ ሰብስቦ በአንድ ጠባብ መንገድ ይለቀዋል። ስለዚህ ጠዋት ድንኳናችሁ ላይ ፀሐይ ወጣ ማለት ምንም ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ «ከላይ በኩል ዘንቧል? ሊዘንብ ይችላል?» ብላችሁ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ወይም የቦታው ጠባቂ «ዛሬ አይገባም» ካለ አይገባም፤ ክርክር የለም። ድንኳኑንም ደረቅ የወንዝ መሄጃ ላይ አትትከሉ፣ አሸዋው ምንም ቢለሰልስ።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ውሃውን እያያችሁ ሂዱ። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ትንሽም ብትሆን ከፍ ካለ፣ ወይም ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ፣ ቦርሳ ልያዝ፣ ጫማ ላድርግ የለም። ወዲያው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ። ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ አይሆንም፣ ይቀድማችኋል። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በኃይል የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ቢኖረውም አዋቂን ሰው ሊጥል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የ8 ዓመት ልጅን አስቢው። ከዚህ በመነሳት የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ መውጫ የሌለበት ጠባብ ቦታ ጋ ስትደርሱ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ እዚያ ያበቃል። ምንም ቢያምር።

ሌላው ሰዓት ነው። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ቶሎ ትሄዳለች። ወደ ታች እየወረዳችሁ ከገባችሁ ደግሞ መመለሻው ዳገት ነው፣ ልጆች ደግሞ የሚደክማቸው ልክ ያኔ ነው። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓቱ ከመግባታችሁ በፊት ይቆረጥ። ለምሳሌ ለጠቅላላው ሦስት ሰዓት ካላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ የትም ብትሆኑ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። «እዚያች መታጠፊያ ጋ ብቻ እንድረስ» የሚለውን ሰዓቱ ይከልክል፣ አንቺ አይደለሽም። ይህ ትዳርሽንም ይጠቅማል፤ ከልካይዋ ሁልጊዜ አንቺ መሆንሽ ይቀራል። ልጅሽ ለመግባት ከወሰነች ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ትሁን። «አባዬ፣ ሞልቷል» ስትለው እሱ ያለ ምንም ድርድር ሲዞር ብታይ፣ ከመቶ ይቅርታ ይበልጥባታል።

ድንኳን ጋ የሚቀረውም ሰው ባለፈው ዓመት እንዳንቺ በጭንቀት አይለቅ። እስከ ስንት ሰዓት ካልመጡ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል፣ ኔትወርክ የት ቦታ እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የቀረውን ባለቤትሽም የሚያውቀው ይመስለኛል፣ ቶሎ ልለፈው። ነጠላ ጫማ ሳይሆን የተሸፈነና የማያንሸራትት ጫማ። አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር የያዘ ድንጋይ አይረገጥም። የማይታይ ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይገባም። አንዱ ልጅ ሲወጣ ሌላው ከሥሩ አይቆምም፣ ከላይ ድንጋይ አይወረወርም። ያልታወቀ ኩሬ ውስጥ አይዘለልም። ሁሉም ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ ይኑረው፤ ሦስት ጊዜ መንፋት «ድረሱልኝ» ማለት ነው። የጠፋ ልጅ ደግሞ አይሮጥም፣ ከውሃው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለበት ይቆማል፣ ይነፋል።

አሁን እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹን ለአጎታቸውና ለሚስቱ ትታችሁ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ግቡ። አንቺ እስካሁን ያንን ሸለቆ ገብተሽ አላየሽውም አይደል? አንቺ የምትፈሪው ቆመሽ ስትጠብቂ ጭንቅላትሽ ውስጥ የሠራሽውን ሸለቆ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚከራከርልሽ ያየውን ነው። በሁለት የተለያየ ቦታ ስትጨቃጨቁ ነው የከረማችሁት። አብራችሁ እያያችሁ «ለልጆቹ እስከዚህ» የምትሉበትን ድንጋይ ምረጡ። የደረቀችበትን ድንጋይም ያሳይሽ። ምናልባት ከጠበቅሽው ያነሰ ይሆናል፣ ምናልባት ደግሞ እሱ ራሱ በአዋቂ ዓይን ሲያየው ዝም ይላል።

ከዚያ ትልቋ በዚያው ቀን ትወስን። ድንኳን ጋ መቅረት ትችላለች፣ ለምን ተብሎ አትጠየቅም። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ መሄድ ትችላለች። እስከ መጨረሻው መሄድም ትችላለች። መሐል ላይ ሐሳቧን ብትቀይርም መመለስ መቻል አለባት፣ ይህ ደግሞ የሚሆነው ቢያንስ ሁለት አዋቂ አብሮ ከገባ ነው፤ አንዱ ከእሷ ጋር ይመለሳል፣ ሌላው ከወንድሟ ጋር ይቀጥላል። ባለፈው ዓመት ባለቤትሽ ብቻውን ነበር። አንዷን ልመልስ ቢል ሌላውን ማቋረጥ ነበረበት። ከሳቁ ጀርባ ይህም ሳይኖር አይቀርም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «አጋነንሽ» ቢልስ? ያኔ ጉዞውን አትሰርዢ፣ አታኩርፊም። ሁለት ነገር ላይ ብቻ ቁሚ፦ የመመለሻ ሰዓት ሳይቆረጥ ልጅ አይገባም፣ የማይፈልግ ልጅ አይገደድም። እናት ነሽ፣ ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግሽም። በሌላው ሁሉ እሱ ይምራ፤ መንገዱን፣ ዕቃውን፣ እሳቱን።

ወንዱን ልጅሽን ደግሞ አትርሺው። ቦርሳውን አዘጋጅቶ የተቀመጠው እሱ ነው። በእናንተ ጭቅጭቅ የእሱ ደስታ መበላሸት የለበትም። ግን «ከእህትህ ትሻላለህ» የሚል አንድም ቃል አይስማ፣ ለእሱም ሲባል። እንዲህ እየተባለ ያደገ ልጅ ሲፈራ መናገር አይችልም፤ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ዓይነቱ ልጅ ነው።

ትንሿ? ትግባ፣ ካንቺ ጋር፣ እጇን ይዘሽ፣ ግድግዳው ከመጥበቡና ድንጋዩ ከመተለቁ በፊት ያለችውን ሜዳማ ቦታ ድረስ። ለ5 ዓመት ልጅ ሸለቆ ማለት እሱ ነው፤ ጠጠር ትሰበስባለች፣ ከቁርጭምጭሚቷ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ትንቦጫረቃለች። ግን ቶሎ ይበርዳታልና ደረቅ ልብስ ያዢላት። ደክሞኛል የምትልሽም ቁጭ ካለች በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሳትል መልሻት። አባቷ «ትከሻዬ ላይ አድርጌ አስገባታለሁ» ካለ እምቢ በይ፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ አንዱ ከወደቀ ሁለቱም ናቸው የሚወድቁት። ለእሷም ፊሽካ ግዢላት። ከጉዞው በፊት እቤት ስጫትና እስኪሰለቻት ትንፋው። ጎረቤት ይቅር ይላችኋል።